የልጅ ቆዳ ደጋግሞ ውሃ ሲቋጥር

የልጅ ቆዳ በብዙ ምክንያት ውሃ ይቋጥራል። ትኩስ ነገር ሲነካው፣ ጠባብ ጫማ ሲፍቀው፣ ነፍሳት ሲነድፉት፣ ባክቴሪያ ሲገባበት። አብዛኛው በጥቂት ቀናት ደርቆ ይሽራል፤ ወላጅም ይረሳዋል። አንዳንድ ልጅ ግን አንዱ ሲደርቅለት ሌላው ይወጣበታል። ቅባት ይቀባል፣ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ የእከክ መድኃኒት ይሞከርለታል፣ ጸበል ይጠመቃል፤ ለጥቂት ቀን ጋብ ብሎ እንደገና ያገረሽበታል። እናት «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ጎረቤት ልጆቹን ያርቃል። ልጁም ሌሊቱን ሲያክ ያድራል።

እንዲህ ካሉት ልጆች ጥቂቶቹን የያዛቸው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ቆዳን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ብርቅ ስለሆነ ብዙ የጤና ባለሙያ በሥራ ዘመኑ አንድም ጊዜ ላያጋጥመው ይችላል። ቢሆንም ስም አለው፣ ምርመራ አለው፣ መድኃኒትም አለው፤ አብዛኞቹ ልጆችም ውሎ አድሮ ጨርሰው ይድናሉ። ልጆቹን አብዝቶ የሚያሰቃያቸው ስሙ እስኪታወቅ ድረስ በግምት ሕክምና የሚባክነው ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ለማሳጠር ወላጅም፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያም፣ መምህርም ሊያውቁት የሚገባው ነገር አለ።

ቆዳው ለምን ይላቀቃል?

ቆዳችን ድርብ ነው። ላይኛው ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የደም ሥርና ነርቭ የሚያልፉበት ወፍራም ሽፋን አለ። በመካከላቸው ሁለቱን አጣብቆ የሚይዝ፣ በዓይን የማይታይ ድንበር ይገኛል። የጭቃ ቤት ምርጊት እንዳይረግፍ አያይዞ የሚያቆየው ጭዱ እንደሆነ ሁሉ፣ በዚህ ድንበር ላይም ሽፋኖቹን አያይዘው የሚያቆዩ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ኮላጅን 17 ይባላል።

የሰውነት መከላከያ አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታል። ሥራቸው ባክቴሪያና ቫይረስን የመሰሉ ባዕዳንን ለይቶ መያዝ ነው። አልፎ አልፎ ግን መከላከያው የራሱን አካል ባዕድ አድርጎ ይቆጥራል። ያን ጊዜ አንቲቦዲዎቹ ሄደው ኮላጅን 17ን ወይም ሌላ አያያዥ ፕሮቲን ይይዛሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደዚያው ይጎርፋሉ፤ በሚያመነጩት ኬሚካል ማያያዣው ይበጣጠሳል። ላይኛው ሽፋን ከታችኛው ሲላቀቅ ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። ከውጭ የምናየው ውሃ የቋጠረ ቁስል ይህ ነው።

የበሽታው አሠራር እንዲህ ከሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚፈራቸው ሁለት ነገሮች ከእውነት የራቁ ናቸው ማለት ነው። አንደኛ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ ማቀፍና መሳም ማንንም አያስይዝም። ሁለተኛ፣ ከንጽሕና ጉድለት፣ ከእናት አያያዝ ወይም ከሰው ዓይን የመጣ አይደለም። መከላከያው በምን ምክንያት እንደተሳሳተ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ አይታወቅም፤ ወላጅ አስቀድሞ ሊያደርገው ይችል የነበረ መከላከያ መንገድም የለም።

በልጅነት ጎልቶ የሚታየው

በልጆች ላይ ከሚታዩት የዚህ ወገን በሽታዎች ዋነኛው ሊኒየር አይጂኤ ይባላል። አይጂኤ የአንቲቦዲው ዓይነት ነው። በዋርሶ ይሠሩ የነበሩት ፖላንዳውያን የቆዳ ሐኪሞች ታዴዉሽ ሆዠልስኪና ስቴፋኒያ ያብሎንስካ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ አንቲቦዲ በታማሚ ልጆች ቆዳ ድንበር ላይ በቀጭን መስመር ተጋድሞ እንደሚገኝ አሳይተው በሽታውን ከመሰሎቹ ለዩት።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። የሚያዘወትራቸው ቦታዎች አሉት፤ ከእምብርት በታች ያለው ሆድ፣ ብሽሽት፣ የብልት አካባቢ፣ የጭን ውስጥ፣ መቀመጫና የአፍ ዙሪያ። ወደ ፊት፣ ወደ እጅና ወደ እግርም ይዛመታል። ቁስሎቹ የተወጠሩና በቀላሉ የማይፈነዱ ናቸው፤ ፈሳሻቸው ጥርት ያለ ነው፤ አንዳንዴ ደም ይቀላቀልበታል። ሐኪምን ቶሎ የሚያስጠረጥረው አደራደራቸው ነው። አሮጌው ቁስል መሐል ላይ ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ፣ አዳዲሶቹ ጠርዙን ተከትለው ክብ ሠርተው ይወጣሉ። ማሳከኩ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ አንዱን እንቅልፍ ሲነሳው ሌላው ብዙም አይሰማውም።

በመጻሕፍት «ቀይ» ተብሎ የሚገለጸው የቆዳ መቆጣት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ቀለም ይይዛል። ስለዚህ ቅላት አለመታየቱ በሽታው ቀላል ነው አያሰኝም። ቁስሉ ከዳነም በኋላ የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህ ምልክት በሽታው አልለቀቀም ማለት አይደለም፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ቆዳ ላይ ያለው ቁስል ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይሽራል። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ዓይንና አፍ ላይ ሲወጣ ነው። አፍ ውስጥ ከወጣ ልጁን ምግብና ውሃ ይከለክለዋል። ዓይንን ከነካ ደግሞ የዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ይዞ እይታን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዓይኑ የቀላ፣ ብርሃን የሚፈራ ወይም «አሸዋ ገባብኝ» የሚል ልጅ ሳይውል ሳያድር ለዓይን ሐኪም መታየት አለበት።

ከምን ጋር ይምታታል?

የአፍ ዙሪያ ቁስል በአብዛኛው «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። ምች የምንለው የከንፈር ቁስል በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ራሱ ይድናል። በአንድ የሰውነት ጎን ብቻ ተሰልፎ የሚወጣውና ክፉኛ የሚያቃጥለው አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ የቫይረስ በሽታ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ሁለቱም በሆድ፣ በብሽሽትና በፊት ላይ ለወራት እየተመላለሱ አይቆዩም።

በልጆች ላይ በጣም የተለመደው የቆዳ መመረዝ ኢምፔታይጎ ነው። ባክቴሪያ የሚያመጣው ሆኖ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ይይዛል፤ ከወንድም ወደ እህት ይጋባል፤ በተገቢው አንቲባዮቲክ ይድናል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። የሊኒየር አይጂኤ ቁስልም በባክቴሪያ ሊመረዝ ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ መመረዙ ይለቅና የዳነ ይመስላል፤ አዲስ ውሃ መቋጠሩ ግን ይቀጥላል። እከክ ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላም የቤተሰብ አባል ያክካል፤ የጣቶች መሐልና የእጅ አንጓ ይያዛሉ።

ከተወለደ ጀምሮ ቆዳው በትንሽ ግጭት የሚላጥ ሕፃን በዘር የሚወረስ ሌላ በሽታ ሊኖረው ይችላል፤ እሱም ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ይባላል። እዚያ ላይ ማያያዣው ፕሮቲን ከመጀመሪያው በትክክል አልተሠራም እንጂ መከላከያው አላጠቃውም። ስለዚህ ሕክምናው ይለያል፤ ሁለቱን መለየትም የግድ ነው።

በግልጽ መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ቁስል ሲታይ ልጁ ጥቃት ደርሶበት ይሆን የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ልጅን የመጠበቅ ኃላፊነት ስላለ ጥርጣሬውን አቅልሎ ማለፍ አይገባም። ሆኖም በሽታው እነዚህን ቦታዎች አዘውትሮ እንደሚይዝ የማያውቅ ሰው በንጹሕ ቤተሰብ ላይ ሊፈርድ ይችላል። ልጁንም ቤተሰቡንም የሚጠቅመው ቆዳው በባለሙያ መመርመሩ ነው።

ቁርጥ ያለ ምርመራ

በዓይን ብቻ አይቶ መጠርጠር ይቻላል፤ ማረጋገጥ የሚቻለው ግን የቆዳ ናሙና ተወስዶ ነው። ባዮፕሲ የሚባለው ይህ ነው። ቦታው በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ይወሰዳል። ልጁ የሚሰማው የማደንዘዣውን መርፌ ነው።

የሚወሰደው ናሙና ሁለት ነው። አንዱ ከአዲስ ቁስል ተወስዶ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ቆዳው ከየትኛው ሽፋን እንደተላቀቀና ምን ዓይነት ሕዋሳት እንደተሰበሰቡ ይናገራል። ሁለተኛው ከቁስሉ አጠገብ ካለው ጤነኛ መሳይ ቆዳ ይወሰዳል። ይህኛው ኢሚዩኖፍሎረሰንስ ለሚባል ምርመራ ነው፤ በሚያበራ ቀለም ተነክሮ ሲታይ አንቲቦዲው በቆዳው ድንበር ላይ ብሩህ መስመር ሆኖ ይወጣል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከተነከረ ግን ለዚህ ምርመራ አይሆንም፤ በተለየ ፈሳሽ መቀመጥ አለበት። ይህች ትንሽ የምትመስል ስህተት ልጁን ለዳግመኛ ናሙና ትዳርጋለች።

ኢሚዩኖፍሎረሰንስ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ምርመራ አይደለም። በማይገኝበት ቦታ የቆዳ ሐኪሙ የቁስሉን መልክና ቦታ፣ የተራውን ማይክሮስኮፕ ውጤትና ልጁ ለመድኃኒቱ የሚሰጠውን ምላሽ አንድ ላይ አይቶ ይወስናል። ስለዚህ «ማሽኑ የለም» ተብሎ ልጁ ያለ ሕክምና ሊመለስ አይገባም።

ዳፕሶን፦ የቆየ መድኃኒት፣ ሌላ ጥቅም

ለሊኒየር አይጂኤ በቅድሚያ የሚታዘዘው ዳፕሶን የሚባል እንክብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ተቀመመ፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕክምና ምሰሶ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ለሥጋ ደዌ የተጣመረ ሕክምና እንዲሰጥ ሲመክርም ዳፕሶን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመውና ዛሬ የቆዳ ሕክምና ትልቅ ማዕከል የሆነው አለርት ሆስፒታል ይህን መድኃኒት ለብዙ ዘመን ያውቀዋል።

ዳፕሶን ባክቴሪያን ከመዋጋቱ ሌላ፣ ቆዳን የሚያቆስሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያበርዳል። ለዚህ በሽታ የሚሰጠውም በዚህ ጠባዩ ነው። እንክብሉ የሥጋ ደዌ መድኃኒት መሆኑን ከሰው ሰምተው የሚደነግጡ ወላጆች ይኖራሉ። ዳፕሶን ታዘዘ ማለት ልጁ የሥጋ ደዌ አለበት ማለት ፈጽሞ አይደለም። ሐኪሙ ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢያስረዳ፣ መድኃኒቱን ደብቆ የሚያስቀር ወይም ሳይነግር የሚያቋርጥ ቤተሰብ ይቀንሳል።

መጠኑ በልጁ ክብደት ተሰልቶ በትንሽ ተጀምሮ ከፍ ይላል። የሚሠራለት ልጅ በቀናት ውስጥ አዲስ ቁስል መውጣቱ ሲቀንስ ይታያል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። ዳፕሶን ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራል፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ልጅ ላይ ስብራቱ አደገኛ ይሆናል። በዘር የሚተላለፈው ይህ ጉድለት በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ባቄላ በልተው ሽንታቸው የሚጠቁርና ዓይናቸው ቢጫ የሚሆን ሰዎችም ይህ ጉድለት ያለባቸው ናቸው። በአገራችን በደጋው ብዙም ባይታይም በምዕራቡ ቆላ፣ በተለይ በጋምቤላ፣ ከፍ ብሎ ይገኛል። በቤተሰቡ ውስጥ በባቄላ የታመመ ወይም የወባ መድኃኒቱ ፕሪማኪን ያልተስማማው ሰው ካለ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባል። የኢንዛይሙ ምርመራ ዳፕሶን ከመጀመሩ በፊት ይደረጋል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ደም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያም እየተራራቀ ይመረመራል። ልጁ ደህና ስለመሰለ ይህ ቀጠሮ አይታለፍም። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ከሄደ፣ ከገረጣና ቶሎ ከደከመ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ የጉሮሮ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከያዘው፣ ወይም ሽፍታ፣ ትኩሳትና የንፍፊት እብጠት አብረው ከመጡ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ዳፕሶን ብቻውን ካልበቃ ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ሊጨመር ይችላል። ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቋረጥም፤ በሐኪም ትእዛዝ እየተቀነሰ ይቆማል። ከፍ ባለ መጠን የሚወስድ ልጅ እንደ ኩፍኝ ያሉ በሕይወት ያሉ ተሕዋስያን የሚገኙባቸውን ክትባቶች መውሰድ ስለማይገባው፣ ለክትባት ባለሙያው መነገር አለበት። ዳፕሶን የማይስማማቸው ልጆች ኮልቺሲን፣ ሰልፋፒሪዲን ወይም አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ይሞከሩላቸዋል።

ሕክምናው ረዘም ይላል። በሽታው በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ፣ ይተዋቸዋል። እስከዚያው መድኃኒቱ በሽታውን ጋብ አድርጎ ልጁ እንዲተኛ፣ እንዲጫወትና እንዲማር ያደርገዋል።

የዚህ በሽታ ዘመዶች

ፔምፊገስ በልጆች ላይ ከሊኒየር አይጂኤ ይበልጥ ብርቅ ነው፤ ግን ይከብዳል። አንቲቦዲው የሚያጠቃው የላይኛውን ሽፋን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዙትን ዴስሞግሊን የሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ስለዚህ ቁስሉ ስስ ሆኖ ቶሎ ይፈነዳል፤ የሚታየውም የተላጠ ቆዳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ውስጥ ነው፤ ለወራት የማይድን የአፍ ቁስል ካለ ይህን ማሰብ ይገባል። ኤርንስት ቦይትነርና ሮበርት ጆርደን በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1964 በታማሚዎች ደም ውስጥ የገዛ ቆዳን የሚያጠቃ አንቲቦዲ መኖሩን አሳዩ፤ ዛሬ ስለነዚህ በሽታዎች ብዙው እውቀት በዚያ ላይ የተገነባ ነው። ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ ስቴሮይዶች ከመምጣታቸው በፊት ፔምፊገስ አብዛኞቹን ታማሚዎች ይገድል ነበር፤ አሁን ግን የሚታከም በሽታ ነው።

በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የሚወጣው ቡለስ ፔምፊጎይድ ሌላው ነው፤ ለሕክምና ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ፔምፊገስ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃንም የእናቱ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚያልፍ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ሊወለድ ይችላል፤ አንቲቦዲው ከደሙ ሲጠፋ ቁስሉም ይጠፋል።

ደርማታይተስ ሄርፔቲፎርሚስ ደግሞ በክርን፣ በጉልበትና በመቀመጫ ላይ በጣም የሚያሳክኩ ደቃቅ ቁስሎችን ያወጣል። የሚቀሰቀሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ለእነዚህ ልጆች ይስማማል። ስንዴ ወይም ገብስ የተቀየጠበት እንጀራ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎና የስንዴ ዳቦ ግን ይቀርባቸዋል፤ ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ የተፈጨ ጤፍም ሊበከል ይችላል። ይህ የሚመለከተው በምርመራ የተረጋገጠበትን ልጅ ብቻ ነው። ምርመራው ሳይደረግ ምግቡን መከልከል ውጤቱን ያዛባል፤ ልጁንም ያለ ምክንያት ያስርባል።

በቤት ውስጥ

ውሃ የቋጠረውን ቆዳ አትላጡት፤ ላይ ያለው ሽፋን ከመመረዝ ይከላከላል። በጣም የተወጠረና የሚያም ከሆነ የጤና ባለሙያ በንጹሕ መርፌ ፈሳሹን አውጥቶ ሽፋኑን በቦታው ይተወዋል። ልጁን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ አትፈግፍጉት። የተላጠውን ቦታ በቫዝሊን ሸፍኑት፤ ፕላስተር በቀጥታ ቆዳው ላይ አትለጥፉ፤ ሲነቀል አዲስ ቁስል ይከፍታል። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ አልብሱት፤ ጥፍሩን ቁረጡለት።

የቅጠል ጭማቂ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም አልኮል በቁስሉ ላይ ማድረግ ያቃጥላል፣ ይመርዛልም። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ብርቱ የስቴሮይድ ቅባት ምልክቱን ይደብቃል፣ ቆዳውንም ያሳሳል። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦች እምነታቸውንና መድኃኒቱን አብረው መያዝ ይችላሉ፤ ሕክምናውን አቋርጦ መሄድ ግን ልጁን ይጎዳል።

ትምህርት ቤት መሄዱን አያቁም። «ተላላፊ አይደለም» የሚል አጭር የሐኪም ደብዳቤ ለመምህሩ መስጠት ልጁን ከመገለል ያድነዋል። የቆዳ ቁስል ያለበት ልጅ ከሕመሙ ይልቅ ሰው እጁን ሲሰበስብበት ይጎዳል፤ መምህሩ እጁን ይዞ ከጓደኞቹ መሐል ቢያስቀምጠው ክፍሉ ይከተለዋል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ውሃ መቋጠሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ታክሞ ከተመለሰ፣ ወይም አፍና ዓይን ከተያዘ፣ ሌላ ቅባት ከመግዛት በፊት ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር ይጠየቅ። ትኩሳት ካለው፣ መግል ከያዘ፣ ውሃ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰፊ የሰውነቱ ክፍል ከተላጠ ጉዳዩ የድንገተኛ ነው። አዲስ ቁስል በወጣ ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳትና እስካሁን የተሞከሩትን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶን ይዞ መሄድ ሐኪሙን ይረዳዋል።

የጤና ጣቢያ ባለሙያ ይህን በሽታ ራሱ እንዲያክም አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ሳይሠራ ሲቀር ሦስተኛውን ከመጻፍ ይልቅ የሪፈር ወረቀቱን መጻፍ ነው። ወላጅም «ልጄ የቆዳ ናሙና ተወስዶለት ይመርመርልኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው በጊዜ ከተጠየቀ፣ ለዓመት ሲያክ ያድር የነበረ ልጅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንቅልፉን ሊያገኝ ይችላል።